የስካፎልዲንግ ቱቦ ከምን ብረት እንደተሠራ በምን ይታወቃል?

የመጋዘኑ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። መጋዘናችን ውስጥ ከዚህም ከዚያም የተሰበሰበ የስካፎልዲንግ (ሕንፃ ሲሠራ ሠራተኛ የሚቆምበት መወጣጫ) ቱቦ ተከምሯል። አንዳንዱ ቀይ ቀለም ተቀብቷል፤ አንዳንዱ ብርማ ነው፤ አንዳንዱ ዝጎ ቡናማ ሆኗል። ብዙው ላይ ደግሞ ሲሚንቶ ደርቆበታል። «በየዓይነቱ ለይተህ ደርድር» ተባልኩ። የዛገው ብረት እንደሆነ ግልጽ ነው። ያስቸገሩኝ ብርማዎቹ ናቸው። የትኛው አሉሚኒየም፣ የትኛው ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ ብረት)፣ የትኛው ደግሞ ብርማ ቀለም የተቀባ ተራ ብረት እንደሆነ በዓይን መለየት አቃተኝ። ላብራቶሪ ሳልሄድ እዚያው ቆሜ የምለይበት መላ አለ?

በያጁ፦
ማግኔት። አለቀ።

የመጋዘኑ ልጅ፦
እሱንማ ሞክሬዋለሁ ወንድሜ። አንዳንዱን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል። አንዳንዱ ላይ ይንሸራተትና ይወድቃል። አንዱ ቱቦ ጭራሽ ጫፉ ላይ ይይዛል፣ መሀሉ ላይ እምቢ ይላል። ግራ የገባኝ እሱ ነው።

ጋሼ ሳይት፦
ልጄ፣ ማግኔት ጥሩ ነው፤ አያያዙን ካላወቁበት ግን ያሳስታል። መጀመሪያ የፍሪጅ ማግኔት ከሆነ ተወው፣ ደካማ ነው። ቱቦ ክብ ስለሆነ ጠፍጣፋ ማግኔት የሚነካው በቀጭን መስመር ብቻ ነው። ከመሀል ወፍራም ቀለም ወይም የደረቀ ሲሚንቶ ከገባበት ብረትም ሆኖ ይወድቃል። ከተበላሸ ስፒከር ጀርባ የሚወጣውን፣ ካገኘህም ኒዮዲሚየም የሚባለውን ትንሽ ግን ኃይለኛ ማግኔት ተጠቀም። ሲሚንቶውን ፋቅ ፋቅ አድርግና ሁልጊዜ ከመሀሉ ጀምር።

ጫፉ ላይ ብቻ የያዘልህ ቱቦ አሉሚኒየም ይመስለኛል። ሌላ ቱቦ የሚቀጠልበት የብረት ማያያዣ ውስጡ ተሰክቶ ቀርቶ ይሆናል። በባትሪ ወደ ውስጥ አብራ፣ ይታይሃል።

ሌላው፣ ዚንክ ራሱ ማግኔት አይስበውም። ጋልቫናይዝድ ቱቦ ላይ ያለው የዚንክ ልባስ ግን ስስ ስለሆነ ማግኔቱ ከሥሩ ያለውን ብረት አግኝቶ ይይዛል። ስለዚህ ማግኔት ጋልቫናይዝዱን ቀለም ከተቀባው አይለይልህም። ሥራው አሉሚኒየሙን ከመሀላቸው ማውጣት ነው።

እርግጠኛ መሆን ከፈለግክ አንድ ደስ የሚል ሙከራ አለ። ቱቦውን ዘንበል አድርገህ ኒዮዲሚየሙን በውስጡ ልቀቀው። ብረት ከሆነ ገና ከመግቢያው ተለጥፎ ይቀራል። አሉሚኒየም ከሆነ አይለጠፍም፤ ግን እንደ ማንኛውም ዕቃ ሸርተት ብሎም አይወርድም። እየተንፏቀቀ ነው የሚወርደው። ማግኔቱ ሲንቀሳቀስ አሉሚኒየሙ ውስጥ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጠራል፣ ያ ፍሰት ደግሞ መልሶ ማግኔቱን ይይዘዋል። እንደ ጨዋታ ነው፤ የሳይት ልጆች አንዴ ካዩት ማስቆም አይቻልም።

ሚዛን አይዋሽም፦
ጋሼ ያሉት እንዳለ ሆኖ፣ እኔ ከማግኔት ቀጥሎ የማምነው ሚዛንን ነው።

መደበኛው የስካፎልዲንግ ቱቦ የውጭ ዲያሜትሩ 48.3 ሚሊ ሜትር ነው። ብረትም ሆነ አሉሚኒየም ያው ነው፣ አንድ ዓይነት ክላምፕ (ቱቦዎቹን እርስ በርስ የሚያስረው ማሰሪያ) እንዲይዛቸው። ስለዚህ ውጭውን ብቻ ለክተህ ብረቱን አታውቅም። ክብደቱ ግን ወዲያው ይናገራል። ግድግዳው (የቱቦው ገላ ውፍረት) 4 ሚሊ የሆነ የብረት ቱቦ በሜትር 4.37 ኪሎ ይመዝናል። ግድግዳው 3.2 ሚሊ ከሆነ 3.56 ኪሎ። የአሉሚኒየሙ ግድግዳ ወፈር ይላል፣ 4.47 ሚሊ ነው፤ እንዲያም ሆኖ በሜትር ከ1.7 ኪሎ አይበልጥም። በ6 ሜትር ቱቦ ስታስበው 26 ኪሎ፣ 21 ኪሎ እና 10 ኪሎ ገደማ ይሆናል። አሉሚኒየሙን ከብረቱ ለመለየት ሚዛን እንኳን አያስፈልግም፣ ክንድህ ይበቃል። ሚዛኑ የሚያስፈልግህ 4 ሚሊውን ከ3.2ቱ ለመለየት ነው።

የሚንጠለጠል ሚዛን ፈልግ። ቱቦውን መሀሉ ላይ በገመድ አስረህ አንጠልጥል። ርዝመቱን በሜትር ለካና ክብደቱን ለርዝመቱ አካፍል። ከዚያ በፊት ግን ሲሚንቶውን አራግፍ። ውስጡ ኮንክሪት የገባበት ቱቦ ጤነኛ መስሎ ይሸውድሃል።

የመጋዘኑ ልጅ፦
ይሄ ጥሩ ነው። ካሊፐር ግን የለኝም። የውጭ ስፋቱን በምን ልለካ?

ሚዛን አይዋሽም፦
ወረቀት በቂ ነው። ቀጭን የወረቀት ጥብጣብ ቁረጥ። ቱቦው ላይ አንዴ ጠቅልለህ የሚገናኝበት ላይ በስክሪብቶ ምልክት አድርግ። ከዚያ ዘርግተህ በማስመሪያ ለካው። ትክክለኛው የስካፎልዲንግ ቱቦ ዙሪያው 152 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ ትንሽ ዝቅ ወይም ከፍ ቢል ነው። 157 ካገኘህ ዲያሜትሩ 50 ሚሊ ነው። ያ የዕቃ መደርደሪያ ወይም የአጥር ቱቦ ነው፣ ከክምሩ አውጣው። ክላምፕ በኃይል ተጠርቆ ሊገባለት ይችላል፣ በትክክል ግን አይቀመጥለትም።

የግድግዳ ውፍረቱን ጫፉ ላይ ስትለካ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በል። በመጋዝ ሳይሆን በሚሽከረከር የቧንቧ መቁረጫ የተቆረጠ ቱቦ ጫፉ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ያ ከንፈር ውፍረቱን ከእውነተኛው በላይ አድርጎ ያሳይሃል። በሞረድ አስተካክለህ ነው መለካት። ጫፉ 4 ሚሊ እያሳየ ክብደቱ ከ4.37 በደንብ ካነሰ ደግሞ መሀሉ ከውስጥ በዝገት ተበልቷል ማለት ነው።

ቀለም ቀቢዋ፦
ስለ ብርማዎቹ እኔ ልግባ፣ የእኔ ሙያ ነው።

ብርማ የሆነ ሁሉ ጋልቫናይዝድ አይደለም። የአሉሚኒየም ዱቄት ያለበት ብርማ ቀለም የተቀባ ያረጀ ብረት ከሩቅ ሲታይ ልክ ጋልቫናይዝድ ነው የሚመስለው። ነጭ ጨርቅ ቲነር ነክረህ አንድ ቦታ ላይ ጠንከር አድርገህ እሸው። ቀለም ከሆነ ጨርቁ ላይ ብርማ ነገር ይወጣል። ቲነር የማይበግረው ዓይነት ቀለም ሊሆን ስለሚችል በሚስማር ጫር አድርገውም። ቀለም እየተቀረፈ ይነሳል። ዚንክ ግን አይቀረፍም፣ የሚያብረቀርቅ ጭረት ብቻ ነው የሚተወው።

ከዚያ ወደ ውስጥ እይ። በሙቅ ዚንክ የተነከረ ቱቦ 450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የሞቀ የዚንክ ገንዳ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ጠልቆ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ውስጡም እንደ ውጭው ግራጫ ነው። ጫፉ ላይ ደግሞ ሲንጠባጠብ የደረቀ የዚንክ ጉብታ ታገኛለህ። ቀቢ ግን የቱቦ ውስጥ አይቀባም። ውጭው ብርማ፣ ውስጡ ቀይ ዝገት ከሆነ ተቀብቷል በቃ።

አዲስ ጋልቫናይዝድ አንዳንዴ ላዩ ላይ የአበባ ቅርጽ ያለው የዚንክ ክሪስታል ይታይበታል። እሱ ካለ ነገሩ አለቀ። ከሌለ ግን ጋልቫናይዝድ አይደለም አትበል። ብዙው የለውም፤ ያረጀውም ፈዞ ደብዛዛ ግራጫ ይሆናል።

ዝገት ጠላቴ፦
ከዝገቱ ቀለምም ብዙ ይነበባል። ቀይ ቡናማ ከሆነ ብረቱ ተጋልጧል። ነጭ ዱቄት ካየህ ግን ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። እርጥብ ሆኖ ተደራርቦ የቆየ ጋልቫናይዝድ ነጭ ዱቄት ያወጣል። አሉሚኒየምም እንደዚሁ። እዚህ ላይ ማግኔቱ ይፈርድልሃል። ያልተቀባ አሉሚኒየም ስትነካካ ውለህ ደግሞ ጓንትህን እይ፣ ጥቁር ግራጫ ጥላሸት ይይዛል።

ጋልቫናይዝዱ ላይ እዚህም እዚያም ቀይ ነጥብ ብቅ ካለ ዚንኩ እዚያ ጋ አልቋል። ዚንክ ብረቱን ሸፍኖ ብቻ ሳይሆን ከእሱ በፊት እየተበላም ነው የሚጠብቀው። ሲያልቅ ተራው የብረቱ ነው።

በያጁ፦
አሁንም ጥርጣሬ ካለህ ግራይንደር አስነካው። ተራ ብረት ረዥም ቢጫ ፍንጣሪ ያወጣል፣ ጫፉ ላይ ሹካ ሹካ ይላል። የማይዝግ ብረት አጠር ያለና ወደ ብርቱካናማ የሚያደላ ነው። አሉሚኒየም ፍንጣሪ የሚባል ነገር የለውም። ጋልቫናይዝድ መጀመሪያ ዝም ይልና ዚንኩ ሲያልቅ ብረቱ መፈንጠር ይጀምራል። በአምስት ሰከንድ መልስ ታገኛለህ።

ሴፍቲዋ፦
በያጁ፣ ቀስ በል እንጂ። ሰውየው አሉሚኒየም ይሁን ብረት የማያውቀውን ነገር ነው ለብረት በተሠራ ዲስክ ንካው የምትለው። አሉሚኒየም ለስላሳ ነው፣ የዲስኩን ቀዳዳ ይደፍናል። የተደፈነ ዲስክ ይሞቃል፤ የሞቀ ዲስክ ሊሰነጠቅ ይችላል። በዚያ ላይ የዛገ ብረትና የአሉሚኒየም ብናኝ አንድ ላይ ተጠራቅሞ ፍንጣሪ ካገኘው ኃይለኛ እሳት ነው። ጋልቫናይዝዱን ደግሞ መፈተን እንጂ ማቃጠል የለም። ዚንክ 907 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ የብየዳ እሳት ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ጭሱን የሳበ ሰው ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ወባ የያዘው ይመስለዋል።

በያጁ፦
የዚንኩን ጭስ ለእኔ አትንገሪኝ እህቴ፣ አሳምሬ አውቀዋለሁ። ዲስክ ለየብቻ ይያዝ ካልሽ እስማማለሁ። ፍንጣሪ አይታይ ካልሽ ግን አልስማማም። ከማግኔት ያመለጠውን የሚይዘው እሱ ነው።

ሴፍቲዋ፦
ሞረድ አለ እኮ። አንዴ ሳብ ታደርገዋለህ። አሉሚኒየም ከሆነ ነጭ አብረቅራቂ ፍቅፋቂ የሞረዱን ጥርስ ይሞላዋል። ብረት ከሆነ ይታገልሃል። ድምፅ የለ፣ እሳት የለ፣ መነጽር ፍለጋ የለ። የተሞረደውን ቦታ በኋላ ዚንክ የበዛበት ቀለም ቀባ ማድረግ ነው።

ደወል፦
እኔ በመዶሻ መታ አድርጌ በድምፁ ነው የምለየው። ብረት ሲመታ ይጮኻል።

ጋሼ ሳይት፦
አሉሚኒየምም ይጮኻል የኔ ልጅ። ሲሚንቶ የያዘ ብረት ደግሞ ድፍን ይላል። መሬት ላይ የተኛና የተንጠለጠለ ቱቦ ድምፃቸው ለየቅል ነው። የተሰነጠቀ ለመጠርጠር ድምፅ ይረዳ ይሆናል፣ ብረት ለመለየት ግን ተወው።

የመጋዘኑ ልጅ፦
ተመልሻለሁ። ማግኔቱን ከድሮ ስፒከር አወጣሁ፣ ሚዛንም ተዋስኩ። ብርማዎቹ አብዛኞቹ ጋልቫናይዝድ ናቸው። ብርማ ቀለም የተቀቡም ተገኙ፣ ቲነሩ አጋለጣቸው። ጫፉ ላይ ብቻ የያዘው ቱቦ ጋሼ እንዳሉት አሉሚኒየም ነው፣ ውስጡ የብረት ማያያዣ ተቀርቅሮበታል። አሁን ሦስት ክምር አለኝ። በሜትር 4.3 ኪሎ አካባቢ የሚመዝኑ ብረቶች፣ 3.5 አካባቢ የሚመዝኑ ብረቶችና አሉሚኒየም። በቃ ጨረስኩ ማለት ነው?

መሐንዲሷ፦
ጥሩ ሠርተሃል፣ ግን አልጨረስክም። እስካሁን ያለው ውይይት በሙሉ «ምን ብረት ነው?» የሚል ነው። ማግኔትና ሚዛን ዘሩን ይነግሩሃል፤ አቅሙን አይነግሩህም። ሰው የሚሸከመው ደግሞ አቅሙ ነው።

ምሳሌ ልስጥህ። አንድ ተኩል ኢንች የሚባለው የውሃ ቧንቧ የውጭ ዲያሜትሩ ስንት ነው? 48.3 ሚሊ። መካከለኛው ዓይነት ግድግዳው 3.2 ሚሊ ነው። ማግኔት ይይዘዋል፣ በሜትር 3.56 ኪሎ ይመዝናል፣ ጋልቫናይዝድም ይሆናል። እስካሁን የተባለውን ፈተና ሁሉ ያልፋል። ብረቱ ግን ሌላ ነው። ለስካፎልዲንግ በወጣው የአውሮፓ ደረጃ፣ በኢኤን 39 መሠረት የተሠራ ቱቦ ጫናው ቢያንስ 235 ሜጋ ፓስካል (የጫና መለኪያ ነው) እስኪደርስ ጎብጦ አይቀርም። በተለመደው የቧንቧ ደረጃ፣ በኢኤን 10255 የተሠራው ቧንቧ ግን ዋስትናው 195 ነው። በሌላ በኩል ለተገጣጣሚ ስካፎልዲንግ የሚሠሩ 355 የሚደርሱ ቱቦዎች አሉ። ሦስቱም ጎን ለጎን ቢቀመጡ በዓይን አይለዩም።

ታዲያ በምን ይለያል? በማኅተሙ። ኢኤን 39 ቱቦ ገላው ላይ በየተወሰነ ርቀት ተጨፍልቆ የተጻፈ ምልክት አለው። የደረጃው ቁጥር፣ የአምራቹ ምልክት፣ ከዚያ 3 ወይም 4 የሚል ዓይነቱን የሚያሳይ ቁጥር። 4 ማለት ግድግዳው 4 ሚሊ፣ 3 ማለት 3.2 ሚሊ ነው። ቀለም ከሸፈነው በሽቦ ብሩሽ ፈግፍገው። አሁንም ካልታየህ ነጭ ጠመኔ አልብሰህ በጨርቅ ጠረግ አድርገው፤ ጠመኔው የተጨፈለቀው ፊደል ውስጥ ይቀራል። ባትሪ ካለህ ደግሞ ከጎን አብራበት።

ጫፉ ላይ ጠመዝማዛ የመግጠሚያ ጥርስ ያለው ቱቦ ካገኘህ አትድከም፣ ቧንቧ ነው። ጥርሱ ተቆርጦ የተጣለም ሊሆን ይችላል። ማኅተም የሌለው ቱቦ መደርደሪያ ይሁን፣ አጥር ይሁን። ሰው አይቁምበት።

አሮጌው ግንበኛ፦
ይሄ የመጽሐፍ ወሬ ነው። እኛ ስንት ዘመን በውሃ ቧንቧ ቆመን ገንብተናል፣ አንድም ቀን አልወደቅንም።

መሐንዲሷ፦
አባቴ፣ ያልወደቃችሁበት ምክንያት አለው። ልንገርዎት።

ቁሙን የሚቆመው ረዥም ቀጭን ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ የሚከዳው ብረቱ ደክሞ ሳይሆን ጎብጦ ነው። መጉበጡን የሚወስነው ግትርነቱ፣ ውፍረቱና በምን ያህል ርቀት እንደታሰረ ነው። ግትርነት ደግሞ በሁሉም ተራ ብረት ላይ አንድ ነው ማለት ይቻላል፣ 210 ጊጋ ፓስካል ነው። 195ም ሆነ 355 ለውጥ የለውም። ስለዚህ ውፍረቱ በቂ የሆነ ቧንቧ ቀጥ ብሎ ከቆመና በየሁለት ሜትሩ በደንብ ከታሰረ ይሸከማል።

ጣውላ የሚያርፍበት አግድሙ ቱቦ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ ላይ ሸክሙ ከላይ ነው፣ ቱቦው ይታጠፋል። እዚያ 195ና 235 ይለያያሉ። አግድሞቹ ከጊዜ በኋላ መሀላቸው ረገብ ብሎ ቀርቶ አላዩም? ያ ቱቦ ሸክሙ ሲነሳ ወደ ቦታው አልተመለሰም ማለት ነው። ደክሟል።

አሮጌው ግንበኛ፦
እሱስ አይቻለሁ። አገላብጠን ነበር የምንጠቀምበት።

ሴፍቲዋ፦
😳

የመጋዘኑ ልጅ፦
አሉሚኒየሙንና ብረቱን አንድ ላይ ብንጠቀምስ? ክላምፑ ለሁለቱም ይሆናል ከተባለ...

መሐንዲሷ፦
ክላምፑ ስለያዘው ብቻ አብሮ ይሠራል ማለት አይደለም። የአሉሚኒየም ግትርነት 70 ጊጋ ፓስካል ነው፣ የብረት ሢሶ። ግድግዳው ትንሽ ወፈር ቢልም ያን አያካክሰውም። አንድ ዓይነት ሸክም ብትጭንባቸው አሉሚኒየሙ ሦስት እጥፍ ገደማ ይረግባል። ጎን ለጎን አግድም ካደረግካቸው ግትሩ ብረት ከድርሻው በላይ ይሸከማል። ቁም ላይ ከቀላቀልካቸው ደግሞ አሉሚኒየሙ ቀድሞ ይጎብጣል። በሙቀትም አሉሚኒየም ከብረት ሁለት እጥፍ ገደማ ይረዝማል። አሉሚኒየሙ ለብቻው፣ ለእሱ ተብሎ በተሰላ ንድፍ ይሠራ። ጣውላ ተሸካሚ አግድም ቱቦ ቢጎድልህም ከአሉሚኒየሙ ክምር አትሙላበት።

ዝገት ጠላቴ፦
በዚያ ላይ እርጥበት አለ። ያልተለበጠ የብረት ክላምፕ አሉሚኒየም ላይ ታስሮ ውሃ፣ በተለይ ጨዋማ ውሃ ከነካው የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። ክላምፑ ጋልቫናይዝድ ከሆነ ጉዳቱ ይቀንሳል፣ ዚንክና አሉሚኒየም ይቀራረባሉ። እርጥብ ሲሚንቶና ኖራም አሉሚኒየምን ይበላሉ። የኮንክሪት ሥራ ላይ የዋለ አሉሚኒየም ቱቦ በዚያው ቀን ይታጠብ። የደረቀውን ስታነሳለት ከሥሩ የተቦረቦረ ካገኘህ ለየብቻ አስቀምጠው።

ጥያቄ አብዢ፦
አጫጭር የአሉሚኒየም ቁራጮች አሉን። አርጎን ብየዳ አለን። በያይዘን ብናስረዝማቸውስ?

በያጁ፦
እኔ በያጅ ሆኜ ነው የምነግርህ፦ አይሆንም። ብየዳው ያምራል፣ እሱ አይደለም ችግሩ። ለዚህ ሥራ በብዛት የሚውለው 6082 የሚባለው ቅይጥ ጥንካሬውን የሚያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በሙቀት ታክሞ ነው። ስትበይደው ዙሪያው ያለው ብረት ያንን ሕክምና ያጣል። ጥንካሬው ወደ ግማሽ ይወርዳል። ከላይ ምንም ምልክት አይታይም፤ አይቀላም፣ አይጠቁርም። ቱቦው የሚታጠፈው ብየዳው ላይ አይደለም፣ ከጎኑ ነው። አጭሩን በአጭርነቱ ተጠቀምበት፣ ማስረዘም ካስፈለገ በማያያዣ።

ሴፍቲዋ፦
በዚህ ላይ አንድ ነገር። እሳት አደጋ የደረሰበት ወይም በሙቅ ችቦ አጠገብ የዋለ አሉሚኒየም ቱቦም ዕጣው ያው ነው። ታሪኩን የማታውቁት አሉሚኒየም ላይ የእሳት ጥላሸት ካያችሁ አውጡት። እና እባካችሁ፣ አሉሚኒየም ቀላል ነው ብላችሁ የኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ ቀና አድርጋችሁ አትሸከሙት። ሁለቱም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ፣ አሉሚኒየሙ ደግሞ ይብሳል።

የመጋዘኑ ልጅ፦
ማኅተሙን በጠመኔው ዘዴ አገኘሁት! ከአራት ሚሊዎቹ ብዙዎቹ ላይ አለ። ከቀጫጭኖቹ ግን ብዙዎቹ ባዶ ናቸው፣ የተወሰኑትም ጫፋቸው ላይ የጥርስ ርዝራዥ አለ። ለየብቻ አደረግኳቸው።

አሁን የቀረኝ አንድ ጉድ ነው። አንድ ብርማ ቱቦ አለ። ማግኔት አይይዘውም። ስለዚህ አሉሚኒየም ነው ብዬ ላነሳው ስል ከበደኝ። መዘንኩት፣ በሜትር 3.1 ኪሎ ገደማ ነው። ዙሪያው ልክ 152 ሚሊ ነው። ቲነር አይነካውም። ዝገት የሚባል የለውም። ማግኔቱን በደንብ ስፈትሸው ደግሞ በርዝመቱ በአንዲት ቀጭን መስመር ላይ ብቻ ትንሽ ሳብ ያደርጋል።

በያጁ፦
ሞረድ ሳብ አድርግበት። ጥርሱን ካልሞላውና ከታገለህ ነገሩ ገብቶኛል።

የመጋዘኑ ልጅ፦
ይታገላል። ከተራው ብረት እንኳን የሚብስ ይመስላል።

በያጁ፦
የማይዝግ ብረት ነው፤ 304 የሚባለው ዓይነት ወይም የእሱ ቢጤ። ይሄኛው ዓይነት ማግኔት አይስበውም፣ ክብደቱ ግን እንደ ተራ ብረት ነው። ያቺ መስመር የብየዳው ስፌት ናት። ቱቦው ከላሜራ ተጠቅልሎ ነው የተበየደው። ስፌቱ ሲቀልጥና ሲረጋ ትንሽ ማግኔት የሚስብ ነገር ውስጡ ይቀራል። የታጠፈ ወይም የተቀጠቀጠ ቦታም ካለው እንደዚሁ ሳብ ሊያደርግ ይችላል።

ሚዛን አይዋሽም፦
ክብደቱም ይገጥማል። በሜትር 3.1 ኪሎ የሚመጣው ግድግዳው 2.77 ሚሊ የሆነ የማይዝግ ቧንቧ ነው። የፋብሪካ ፈሳሽ ማስተላለፊያ የተለመደ መጠን ነው፣ የውጭ ዲያሜትሩም 48.3። ከአንድ ፋብሪካ መስመር ተነቅሎ ከስካፎልዲንጉ ጋር ተቀላቅሎ የመጣ ነው የሚሆነው።

መሐንዲሷ፦
ስካፎልዲንግ ላይ አይግባ። ብረቱ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን ለዚህ ሥራ ያልተሠራ፣ ግድግዳው ከ3.2 የሳሳ፣ ማኅተም የሌለው ስለሆነ ነው። ውስጡ ምን ሲፈስበት እንደኖረም አይታወቅምና ጓንት ሳታደርግ ጫፉን አትነካካ።

የመጋዘኑ ልጅ፦
እሺ። አምስት ክምር ሆነ ማለት ነው፦ አራት ሚሊ ማኅተም ያለው፣ ሦስት ነጥብ ሁለት ማኅተም ያለው፣ አሉሚኒየም፣ ማኅተም የሌለው ብረት፣ እና ይሄ ብቸኛ። ነገ ጫፋቸውን በየቀለሙ ላቀልመው ነው።

ጋሼ ሳይት፦
ጫፉን ብቻ አትቀባ ልጄ። ሳይት ላይ መጀመሪያ የሚቆረጠው ጫፍ ነው፣ ምልክትህ አብሮ ይሄዳል። በየሜትሩ አንድ የቀለም ቀለበት አድርግበት። ቀለሙ የምን እንደሆነ ደግሞ ግድግዳው ላይ ጻፈው፤ አንተ ፈቃድ ስትወጣ የሚተካህ ሰው ቀይ ማለት ምን እንደሆነ አያውቅም።

የመጋዘኑ ልጅ፦
ማኅተሙን እንዳልሸፍነው ተጠንቅቄ ነው የምቀባው ጋሼ። ግድግዳው ላይም እጽፋለሁ።